ከርነሉ ምን አለ? የመጀመሪያ የሊኑክስ ድራይቨራችሁን የምትጽፉበት ዝርዝር መመሪያ

ኮምቦልቻ ውስጥ እህል የሚነግድ ጓደኛ አለኝ። ዲጂታል ሚዛን ገዛና «ከላፕቶፑ ጋር አገናኝልኝ» ብሎ ጠራኝ። ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ከደሴ ሚኒባስ ይዤ፣ የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ ደረስኩ። ሚዛኑ የሚገናኘው በዩኤስቢ ገመድ ነው። ገመዱ ውስጥ ሲኤች340 የምትባል ትንሽ ቺፕ አለች። ሰካነው። ምንም የለም። ነቅለን እንደገና ሰካነው። ወይ ፍንክች። ጓደኛዬ «ገመዱ ብልሽት ነው፣ ልመልሰው» ብሎ ተነሳ።

«ቆይ እስቲ፣ ከርነሉ ምን እንዳለ እንይ» አልኩት። ከርነል ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ዕቃውን ሁሉ የሚያዘው ፕሮግራም ነው። አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩ። ነገሩ ሁሉ በየሰዓቱ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ከርነሉ ገመዱን አውቆታል። ትክክለኛውን ድራይቨርም፣ ማለትም ዕቃውን የሚያናግረውን ኮድ፣ ሰጥቶታል። ወዲያው ግን ሌላ ፕሮግራም መጥቶ ነጥቆታል። ፕሮግራሙ ለዓይነ ስውራን የብሬል ማሳያ የሚያገለግል ነው። የቺፗን መለያ ቁጥር ሲያይ የራሱ መሣሪያ መሰለው። ጓደኛዬ ብሬል ስለማይጠቀም ፕሮግራሙን አነሳነው። ሚዛኑ ሠራ። ገመዱ ጤነኛ ነበር።

ደሴ ቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚመጡ ልጆች መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው። ብዙዎቹ ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ናቸው። ሲመጡ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «የራሴን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት ከየት ልጀምር?» እኔ ደግሞ ከሱ በፊት አንድ ትንሽ ድራይቨር ጻፉ እላለሁ። ከባዶ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ላይ ፊደል እስኪያሳይ ሁለት ወር ይለፋና ይሰለቸዋል። በሚሠራ ከርነል ውስጥ የራሱን ሞጁል፣ ማለትም ቁራጭ ኮድ፣ የሚያስገባ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ውጤት ያያል። ከርነሉም ሲሳሳት ይነግረዋል።

አንድ ነገር ልበልና ልቀጥል። ትእዛዞቹንና ስሞቹን እዚህ የምጽፋቸው በፊደላችን፣ እንደሚነበቡ ነው። ኪቦርድ ላይ ስትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው። የሚያሻማ ሲመስለኝ ፊደል በፊደል እነግራችኋለሁ።

ከሽቦው ወዲህና ወዲያ

የሰፈር ሱቅ አስቡ። ሽቦ ያለው መስኮት አለ። እናንተ ከውጭ ናችሁ፣ መደርደሪያው ከውስጥ ነው። ዘይት ስትፈልጉ ገብታችሁ አታነሱም። ትጠይቃላችሁ፤ ባለሱቁ አንስቶ በመስኮቱ ይሰጣችኋል። ብሮውዘሩ፣ የሙዚቃ ማጫወቻው፣ እናንተ የጻፋችሁት የሲ ፕሮግራም ሁሉም ከሽቦው ውጭ ናቸው። ዲስኩን፣ ሜሞሪውን፣ ዩኤስቢውን የሚያዘው ከርነሉ ነው። ጥያቄው የሚገባበት መስኮት ሲስተም ኮል ይባላል። ሽቦውን ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው የሚጠብቀው። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ከርነሉ ሪንግ 0 በሚባለው ደረጃ ይሠራል፣ ተራው ፕሮግራም ሪንግ 3 በሚባለው።

ድራይቨር ስትጽፉ ከሽቦው ወደ ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ከርነሉ ይገድለውና ሌላው ሥራ ይቀጥላል። እናንተ ከርነል ውስጥ ስትሳሳቱ ግን ከላይ ሆኖ የሚይዛችሁ የለም። ማሽኑ ደርቆ ሊቀር፣ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ውስጡም እንደለመዳችሁት አይደለም። ፕሪንትኤፍ የለም፣ ማሎክ የለም። የነጥብ ቁጥር ማስላት ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት። በ64 ቢት ኢንቴል ማሽን ላይ ለአንድ ሥራ የሚሰጠው ስታክ ሜሞሪ 16 ኪሎባይት ብቻ ነው። ትልቅ አሬይ ፈንክሽን ውስጥ መዘርጋት የለም።

ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዛሬ ኮዱ ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ሆኗል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ድራይቨር ነው። ስለዚህ ድራይቨር መማር ዳር ዳሩን መሄድ አይደለም፤ ሥራው ያለው እዚያው ነው።

ሲ ሳታውቁ አትግቡ

እዚህ ላይ ጨካኝ ነኝ። ፖይንተር፣ ስትራክት እና ፈንክሽን ፖይንተር ያልገባው ሰው ከርነል ውስጥ ይሰቃያል። ራሳችሁን እንዲህ ፈትኑ፦ ምንም ሳታዩ ሊንክድ ሊስት ጻፉ። መሃል ላይ ያለ አንድ ኖድ ሰርዙ። ከዚያ ሁሉንም ሜሞሪ መልሱ። ይህን ያለ ስህተት ከጻፋችሁ ዝግጁ ናችሁ። ካልሆነ አብሽሩ፣ አንድ ሁለት ወር ሲ ላይ ቆዩ። ከከርነሉ 6.1 እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2022 ወዲህ፣ ረስት የሚባለው ቋንቋም ከርነሉ ውስጥ ገብቷል። ግን ልታነቡት የሚገባው ኮድ አሁንም በአብዛኛው ሲ ነው።

ማሽኑን ማዘጋጀት

በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ አትሞክሩ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የእህታችሁ ሠርግ ፎቶ ያለበት ዲስክ ላይ የከርነል ሙከራ አይደረግም። ቨርቹዋልቦክስ ጫኑና ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ላፕቶፓችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ ፍጠሩ። ከዚያ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ቨርቹዋላይዜሽን መብራቱን አረጋግጡ፤ ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ውስጡ የሚጫነው ሊኑክስ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ሰርቨር ይሁን። የኡቡንቱ ሰርቨር ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው። የዴቢያን ትንሹ መጫኛ ግን ከ1 ጊጋባይት በታች ስለሆነ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው እሱ ይሻላል። እኛ አንድ ሰው ያወርደዋል፣ ሌላው በፍላሽ ይቀዳል። ራማችሁ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነ ለቨርቹዋል ማሽኑ 1 ጊጋባይት ስጡ፣ ዴስክቶፕ አትጫኑበት። ዲስኩ 20 ጊጋባይት ይበቃዋል።

ሲነሳ ሁለት ነገር ጫኑበት። አንደኛው ቢልድ ሰረዝ ኢሴንሻል የሚባለው ፓኬጅ ነው፤ ኮምፓይለሩና ሜክ በሱ ይመጣሉ። ሁለተኛው የከርነሉ ሄደሮች ናቸው። ሄደሮቹ ከሚሠራው ከርነል ቁጥር ጋር ልክ መግጠም አለባቸው። ቁጥሩን ዩኔም ሰረዝ አር ይነግራችኋል፤ ሊኑክስ ሰረዝ ሄደርስ ሰረዝ ብላችሁ ያንኑ ቁጥር ትቀጥላላችሁ። ከዚያ ራሱን በራሱ የሚያድሰውን አገልግሎት አጥፉ። አለበለዚያ አንድ ማታ ከርነሉ ይታደስና ጠዋት ትናንት የሠራው ሞጁል «ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት» ብሎ አልጫንም ይላል። መፍትሔው ለአዲሱ ከርነል ሄደር ጭኖ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው፤ ግን ምክንያቱን የማያውቅ ጀማሪ ቀኑን ሙሉ ይደናበራል።

በመጨረሻ ስናፕሾት አንሱ፤ ማሽኑን አሁን እንዳለ የሚያስቀምጥ ቅጂ ነው። ስሙን «ንጹሕ» በሉት። ይህ የደህንነት ገመዳችሁ ነው። ማሽኑ ሲበላሽ በአንድ ደቂቃ ወደ ንጹሑ ትመለሳላችሁ። ኮዳችሁን ግን ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ብቻ አታኑሩ። ስናፕሾት ስትመልሱ ኮዱም አብሮ ወደ ትናንት ይመለሳል። አንድ ልጅ የሦስት ቀን ሥራ እንዲህ ጠፍቶበት አይቻለሁ። ጊት ተጠቀሙ፣ ወይም ኮዱን ከውጭ ጽፋችሁ በኤስኤስኤች፣ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው በኔትወርክ በሚገባበት መንገድ፣ አስገቡ። ኤስኤስኤች ሌላም ጥቅም አለው፤ በኋላ የምናሳየውን የአማርኛ ጽሑፍ በላፕቶፓችሁ ተርሚናል ላይ በደንብ ታዩታላችሁ። የቨርቹዋል ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ፊደላችንን ላያሳይ ይችላል።

የመጀመሪያው ሞጁል

ሞጁል ማለት ከርነሉ እየሠራ ሳለ የሚጨመርና የሚወጣ ቁራጭ ኮድ ነው። ሪስታርት አያስፈልገውም። ባዶ ፎልደር ፍጠሩ። የፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ አይኑር፤ የከርነሉ መገንቢያ ክፍት ቦታ ያለበትን መንገድ አይወድም። ውስጡ «ሰላም» የሚባል የሲ ፋይል ክፈቱ።

ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ ሁለት ኢንክሉድ ይገባሉ፦ ከሊኑክስ ፎልደር ሞጁል ነጥብ ኤች እና ኢኒት ነጥብ ኤች። ከዚያ ሁለት ፈንክሽን ትጽፋላችሁ። አንደኛው ሞጁሉ ሲገባ የሚጠራ ነው፣ ኢንት ይመልሳል። ውስጡ አንድ የህትመት መስመር አለ፤ ትእዛዙ ፒ-አር፣ አንደርስኮር፣ ኢንፎ ነው። ከዚያ ዜሮ ይመልሳል። ዜሮ «ተሳክቷል» ማለት ነው። ኔጋቲቭ ቁጥር ከመለሰ ከርነሉ ሞጁሉን አይቀበለውም። ሁለተኛው ፈንክሽን ሞጁሉ ሲወጣ የሚጠራ ነው፤ ምንም አይመልስም፣ እሱም አንድ መስመር ያትማል። ሁለቱንም ስታቲክ አድርጓቸው። ከታች ሞጁል አንደርስኮር ኢኒት እና ሞጁል አንደርስኮር ኤግዚት በሚባሉት ማክሮዎች የቱ መግቢያ፣ የቱ መውጫ እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። በመጨረሻ የፈቃድ መስመር ይገባል፦ ሞጁል አንደርስኮር ላይሰንስ፣ በሙሉ ካፒታል፣ ውስጡ ጂፒኤል። ይህን ከረሳችሁ በአዲሶቹ ከርነሎች ኮምፓይሉ ራሱ ይቆማል።

ስታትሙ መስመር መዝጊያውን ምልክት አትርሱ። ካልተዘጋ መልእክቱ ሌላ መልእክት እስኪመጣ ሊዘገይ ይችላል። «ኮዴ አልሠራም» ብለው ከሚጠሩኝ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ችግራቸው ይኼ ብቻ ነው።

ሜክፋይሉ አንድ መስመር ይበቃዋል፦ ኦብጅ ሰረዝ ኤም፣ ኮለን እኩል ይሆናል፣ ሰላም ነጥብ ኦ። የፋይሉ ስም በካፒታል ኤም ይጀምር፤ በትንሹ ከጻፋችሁት አያገኘውም። ከዚያ ተርሚናል ላይ ሜክ ትጠራላችሁ። በሰረዝ ካፒታል ሲ ምርጫ የከርነሉን መገንቢያ ፎልደር ታሳዩታላችሁ፤ እሱ ሊብ ውስጥ፣ ሞጁልስ ውስጥ፣ የከርነሉ ቁጥር ውስጥ፣ ቢልድ የሚለው ነው። በካፒታል ኤም እኩል ይሆናል የራሳችሁን ፎልደር ትሰጡታላችሁ። መጨረሻ ላይ ሞጁልስ የሚል ቃል ይገባል። ሲሳካ መጨረሻው ነጥብ ኬ-ኦ የሆነ ፋይል ታገኛላችሁ።

አሁን ሱዶ ኢንስሞድ ብላችሁ ጫኑት፤ ሱዶ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ነው። አይ-ኤን-ኤስ-ኤም-ኦ-ዲ ነው የሚጻፈው። ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም፤ አትደንግጡ። ከርነሉ የሚናገረው በራሱ መዝገብ ላይ ነው። ሱዶ ዲሜስግ በሉ፤ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ። ከታች መልእክታችሁን ታገኛላችሁ። አብሮት «ፊርማው አልተረጋገጠም፣ ከርነሉ ተበክሏል» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ሊኖር ይችላል። የራሳችሁን ሞጁል ስላልፈረማችሁበት ነው፤ ለልምምድ ችግር የለውም። ጭራሽ አልጫንም ካለና ስለ ቁልፍ ካወራ ግን ሴኪዩር ቡት በርቷል ማለት ነው። የቨርቹዋል ማሽኑ ቅንብር ውስጥ አጥፉት።

በኤልኤስሞድ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉት። በአርኤምሞድ አውጡት። ዲሜስግ እንደገና እዩ። ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት። ጣታችሁ ይልመደው።

አሁን ሆን ብላችሁ አበላሹት

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማምነው በዚህ ነው። ስህተትን መጀመሪያ የምታገኙት ተጨንቃችሁ ሳይሆን ፈልጋችሁት ይሁን።

በመግቢያው ፈንክሽን ውስጥ ባዶ ፖይንተር ፍጠሩ፤ አድራሻው ዜሮ ይሁን። እዚያ አድራሻ ላይ 1 ጻፉ። ኮምፓይል አድርጋችሁ ጫኑት። ተርሚናሉ «ኪልድ» ይላችኋል። አሁን ዲሜስግ ክፈቱ። ረጅም፣ የሚያስፈራ ጽሑፍ ተዘርግቷል። ኡፕስ ይሉታል። አትሩጡ፤ ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያው መስመር ምን እንደሆነ ይናገራል፦ ባግ፣ ከርነል ነል ፖይንተር ዲሪፈረንስ፣ ከዚያ አድራሻው፣ ሁሉም ዜሮ። ትንሽ ወረድ ስትሉ አር-አይ-ፒ የሚል መስመር አለ። ወርቁ እሱ ነው። የፈንክሽናችሁ ስም፣ ቀጥሎ መደመር፣ ቀጥሎ ሁለት ቁጥር በዘመም ያለ መስመር ተለይተው፣ መጨረሻ ላይ በማዕዘን ቅንፍ የሞጁሉ ስም። የመጀመሪያው ቁጥር ስህተቱ ከፈንክሽኑ መጀመሪያ ስንት ባይት ርቀት ላይ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የፈንክሽኑ ሙሉ ርዝመት ነው። ከዚያ በታች ኮል ትሬስ ይመጣል፤ ማን ማንን እንደጠራ ይዘረዝራል። ከታች ወደ ላይ ካነበባችሁት ታሪኩ በቅደም ተከተል ይወጣል።

አሁን ሞጁሉን ለማውጣት ሞክሩ። እምቢ ይላል። መግቢያው ላይ እንደሞተ ስለቀረ ከርነሉ አሁንም እየገባ ያለ ይመስለዋል። ሪስታርት ወይም «ንጹሕ» ወዳልነው ስናፕሾት መመለስ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ይህ ቀላል ነው። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይሰማችሁ እንደነበር አስቡት።

ከርነሉ ጨርሶ ከሞተ፣ ፓኒክ የሚባለው ከመጣ፣ ዲሜስግ መክፈት አትችሉም። ለሱ ቀድማችሁ ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ሲሪያል ፖርት አብሩና ውጤቱ ላፕቶፓችሁ ላይ ወዳለ ፋይል እንዲጻፍ አድርጉ። የከርነሉ መነሻ መስመር ላይ ኮንሶል እኩል ይሆናል ቲቲዋይኤስ0 ጨምሩ። ማሽኑ ቢሞትም የመጨረሻ ቃሉ ፋይሉ ላይ ይቀራል።

«ደሴ» የሚባል መሣሪያ

አሁን እውነተኛ ድራይቨር እንጽፋለን። ሃርድዌር የለውም፤ ግን መሣሪያዎች እንደ ፋይል በሚታዩበት ዴቭ ፎልደር ውስጥ «ደሴ» የሚባል ፋይል ይኖራል። ሰው ሲያነበው «ሰላም ከደሴ» ይላል።

ቀላሉ መንገድ ሚስክ ዲቫይስ የሚባለው ነው። አንድ ስትራክት ትሞላላችሁ፦ ቁጥሩን ከርነሉ ራሱ እንዲመርጥ ትነግሩታላችሁ፣ ስሙን ትሰጡታላችሁ፣ የፋይል ሥራዎች ዝርዝር የያዘውን ሁለተኛ ስትራክት ታያይዛላችሁ። ሁለተኛው ስትራክት የፈንክሽን ፖይንተሮች ዝርዝር ነው፦ ሲከፈት ይህን ጥራ፣ ሲነበብ ይህን ጥራ። እዚያ ውስጥ ኦነር የሚለውን ቦታ ዚስ ሞጁል በሚለው መሙላት አትርሱ። ይህ ከተሞላ፣ አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ሳለ ሞጁሉን ማውጣት አይቻልም። ካልተሞላ ሰውዬው እያነበበ ኮዱ ከሥሩ ይነቀላል። መግቢያው ላይ ሚስክ ሬጂስተር፣ መውጫው ላይ ሚስክ ዲሬጂስተር ትጠራላችሁ።

ዋናው የንባብ ፈንክሽኑ ነው። አራት ነገር ይቀበላል፦ የተከፈተውን ፋይል፣ የተጠቃሚውን ሜሞሪ አድራሻ፣ ስንት ባይት እንደሚፈልግና እስካሁን የት እንደደረሰ። እዚህ የሱቋን መስኮት አስታውሱ። የተጠቃሚው አድራሻ ከሽቦው ውጭ ነው። በቀጥታ መጻፍ የለባችሁም፤ አድራሻው የውሸት ሊሆን ይችላል። ኮፒ ቱ ዩዘር በሚባለው ፈንክሽን ብቻ ነው በመስኮቱ የሚተላለፈው። ሳይተላለፍ የቀረውን የባይት ብዛት ይመልሳል። ዜሮ ካልመለሰ ኢፎልት የሚባለውን ስህተት በኔጋቲቭ መልሱ።

መጀመሪያ እንዲህ ጻፉት፦ ሁልጊዜ ጽሑፉን ቅዱ፣ ሁልጊዜ የጽሑፉን ርዝመት መልሱ። ከዚያ ሱዶ ካት ብላችሁ አንብቡት፤ ካት ፋይል አንብቦ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። ስክሪናችሁ በ«ሰላም ከደሴ» ይጥለቀለቃል። አይቆምም። ኮንትሮል ሲ ተጫኑ። ምን ሆነ? ካት የሚቆመው ዜሮ ባይት ሲመለስለት ነው። እናንተ ዜሮ መልሳችሁ አታውቁም። ስለዚህ የት እንደደረሰ የሚነግራችሁን አራተኛውን ነገር ተጠቀሙ፦ መጨረሻ ላይ ከደረሰ ዜሮ መልሱ፣ አለበለዚያ የቀረውን ቅዱና ቦታውን ወደፊት ግፉ። በእጃችሁ ከጻፋችሁት በኋላ ሲምፕል ሪድ ፍሮም በፈር የሚባል ፈንክሽን ይህን ሁሉ በአንድ መስመር እንደሚሠራ ታገኛላችሁ። በእጅ መጻፉን ግን አትዝለሉት።

አሁን የኛ ቋንቋ የሚያስተምረን ነገር አለ። «ሰላም ከደሴ» ስንት ነው? ስድስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፤ ሰባት ትላላችሁ። ከርነሉ ግን የሚቆጥረው ባይት ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 6 ሲባዛ በ3፣ 18። ክፍት ቦታው 1፣ መስመር መዝጊያው 1። ድምሩ 20 ነው። ርዝመቱን በእጃችሁ 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሁለት ፊደል ወጥቶ ሦስተኛው ተሰባብሮ ይቀራል። በዲዲ ትእዛዝ 4 ባይት ብቻ አንብቡ፤ ዲ-ዲ ነው። «ሰ» ትወጣለች፣ ቀጥሎ የ«ላ» አንድ ሦስተኛ። ተርሚናሉ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሣጥን ያሳያችኋል። ላቲን ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ትምህርት ዘግይቶ ነው የሚያገኘው። እኛ ገና በመጀመሪያው ድራይቨር እናገኘዋለን።

ይህ ሲሠራ መጻፍ ጨምሩበት፦ ሰው ወደ ፋይሉ የሚልከውን ጽሑፍ በኮፒ ፍሮም ዩዘር ተቀበሉና መልእክቱን ቀይሩት። ከመቀበላችሁ በፊት ርዝመቱን ለኩ። የያዛችሁት ቦታ 64 ባይት ከሆነና ሰውዬው 5,000 ከላከ፣ ሳትለኩ ከተቀበላችሁ የሌላ ሰው ሜሞሪ ላይ ጻፋችሁ ማለት ነው። ሁለት ተርሚናል በአንድ ጊዜ ቢጽፉስ? ሚውቴክስ፣ ተራ የሚያስጠብቅ ቁልፍ፣ ያዙበት። ሚውቴክስ ግን የሚጠብቅ፣ የሚተኛ ቁልፍ ስለሆነ ኢንተራፕት ውስጥ፣ ማለትም ዕቃው ሥራ አቋርጦ ከርነሉን ሲጠራ፣ አይሆንም፤ እዚያ ሳይተኛ የሚጠብቀው ስፒንሎክ ነው። ለአሁኑ ይህን ልዩነት ማወቁ ይበቃል።

መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል

መናኸሪያ ሄዳችሁ የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲጫን አይታችኋል። መጨረሻ የተጫነው መጀመሪያ ይወርዳል። ከሥር ያለውን ቀድሞ የሚስብ ሰው ሁሉንም ይደረምሳል። ድራይቨርም እንደዚያው ነው።

መግቢያው ላይ ሦስት ሥራ ሠራችሁ እንበል፦ ሜሞሪ በኬማሎክ፣ በከርነሉ የራሱ ማሎክ፣ ያዛችሁ፣ አንድ መቁጠሪያ አዘጋጃችሁ፣ መሣሪያውን አስመዘገባችሁ። ሦስተኛው ቢከሽፍ ሁለተኛውን፣ ከዚያ አንደኛውን ታፈርሳላችሁ፤ ከዚያ ስህተቱን ትመልሳላችሁ። ለዚህ ከርነል ውስጥ ጎቱ ይጠቀማሉ። ትምህርት ቤት «ጎቱ ነውር ነው» ተብለን ነበር። እዚህ ግን የተለመደና ንጹሕ መንገድ ነው፤ ፈንክሽኑ ግርጌ ላይ የማፍረሻ መሰላል ይሠራሉ፣ እንደከሸፈበት ደረጃ ከመሃል ይገቡበታል። የመውጫው ፈንክሽንም ያንኑ መሰላል ከላይ እስከ ታች ይወርዳል።

ማፍረስ ብትረሱ ምን እንደሚሆን ሞክሩት። ዲሬጂስተር የሚለውን መስመር አውጡና ሞጁሉን ጭናችሁ አውጡ። የ«ደሴ» ፋይል ዴቭ ውስጥ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ኮዱ ግን የለም። ካት በሉት። ኡፕስ። ማንበቡን አሁን ታውቁበታላችሁ።

አሮጌ ኮድ ስታገኙ

ከኢንተርኔት የገለበጣችሁት ምሳሌ ኮምፓይል ካላደረገ ጥፋቱ የናንተ ላይሆን ይችላል። ከርነሉ ለውጭ ፕሮግራሞች የገባውን ቃል ይጠብቃል፤ ለውስጥ ፈንክሽኖቹ ግን ቃል አልገባም። ለምሳሌ ክላስ ክሪኤት የሚባለው ፈንክሽን ከ6.4 በፊት ሁለት ነገር ይቀበል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ብቻ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ኮድ ዴቢያን 12 ላይ፣ ከርነሉ 6.1 ስለሆነ፣ ይሠራል። ኡቡንቱ 24.04 ላይ፣ ከርነሉ 6.8 ስለሆነ፣ ይከሽፋል። ፕሮክ ፎልደር ላይ የሚሠሩ ምሳሌዎችም በ5.6 ተቀይረዋል።

መድኃኒቱ የምትጠቀሙበትን ከርነል ሙሉ ኮድ አውርዶ ማስቀመጥ ነው። ተጨምቆ ከ130 ሜጋባይት የማያንስ ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንድ ፈንክሽን እንዴት እንደሚጠራ ሲጠፋችሁ ቃል በሚፈልገው የግሬፕ ትእዛዝ ድራይቨርስ ፎልደር ውስጥ ፈልጉት። ሃያ ሰላሳ ሰው ሲጠቀምበት ታያላችሁ። ከሁሉ አጭሩን ፋይል ምረጡና እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሳምፕልስ የሚል ፎልደርም አለ፣ ለጀማሪ የሚሆኑ ትንንሽ ምሳሌዎች አሉበት። መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ በሌለበት ማታ፣ ባትሪው እስኪያልቅ እኔ የምሠራው ይኼን ነው።

እውነተኛ ዕቃ

የምትፈልጉት ፋይል የሌለበት አሮጌ ፍላሽ አምጡ። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ለቨርቹዋል ማሽኑ ስጡት። ኤልኤስዩኤስቢ በሉ። ከፍላሹ ጎን በኮለን የተለዩ ሁለት ቁጥሮች ታያላችሁ፦ የመጀመሪያው የአምራቹ፣ ሁለተኛው የዕቃው መለያ ነው። የጓደኛዬ ሚዛን ገመድ ለምሳሌ 1ኤ86 እና 7523 ነበር። ከርነሉ ድራይቨርን ከዕቃ ጋር የሚያጋባው በነዚህ ቁጥሮች ነው። ያኔ የብሬሉን ፕሮግራም ያሳሳቱትም እነሱ ናቸው።

ድራይቨሩ አጭር ነው። የመለያ ሰንጠረዥ አለው፤ የፍላሻችሁን ሁለት ቁጥር ትጽፉበታላችሁ፣ መጨረሻውን በባዶ መስመር ትዘጉታላችሁ። ፕሮብ የሚባል ፈንክሽን አለው፣ ዕቃው ሲሰካ ይጠራል። ዲስኮኔክት የሚባል አለው፣ ሲነቀል ይጠራል። ሁለቱም ለጊዜው አንዳንድ መስመር ብቻ ያትሙ። እነዚህን በዩኤስቢ ድራይቨር ስትራክት ውስጥ አስገቡና ሞጁል ዩኤስቢ ድራይቨር በሚባለው ማክሮ ዝጉት፤ መግቢያና መውጫውን እሱ ይጽፍላችኋል።

ግን አንድ እንቅፋት አለ። ፍላሹን ቀድሞ የሚይዝ ድራይቨር አለ። ፍላሹን ንቀሉት። መጀመሪያ ዩኤኤስ የሚባለውን ሞጁል፣ ቀጥሎ ዩኤስቢ ስቶሬጅ የሚባለውን አውጡ፤ «የሉም» ቢላችሁም ጥሩ ነው። የራሳችሁን ጫኑ። በአንድ ተርሚናል ዲሜስግን በሰረዝ ደብሊው ክፈቱት፣ አዲስ መስመር ሲመጣ እየተከተለ ያሳያል። አሁን ፍላሹን ስኩት።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ተማሪ እዚህ ደረሰች። ውጭ ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ሸፍኖት ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም ጋቢ ለብሰን ነው። ሰካችው። «ፍላሹ መጣ» የሚል የራሷ መስመር ወጣ። ነቀለችው። «ፍላሹ ሄደ» አለ። ቀና ብላ አላየችንም። እንደገና ሰካችው፣ እንደገና ነቀለችው። ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ስንጠራት «ቆዩ፣ አንዴ» አለችና እንደገና ሰካችው።